ውኃውን ከየት ያመጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)



በግንቦት ቀትር ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋላ ሰፈር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ከዚራ የሄደ ሰው የዛሬውን ትምህርት ግማሹን በእግሩ ተምሮታል። መጋላ ውስጥ ፀሐዩ ከላይ ይወርዳል፤ ከግድግዳውና ከመሬቱ የሚመለሰው ወላፈን ደግሞ ፊት ይለበልባል። ሰው የግንቡን ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል። ድልድዩን አልፋችሁ ከዚራ ስትገቡ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በተቀየሱት በእነዚያ ቀጥ ያሉ መንገዶች ዳርና ዳር የቆሙ ዛፎች ይቀበሏችኋል። ከተማው ያው ነው፤ ፀሐዩም ያው ነው። ግን ትከሻችሁ ቀለል ይላል፣ እርምጃችሁ ይረጋጋል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ድሬን የሚችል ዛፍ መርጦ ተክሎ ሄዷል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ምርጫ ነው። በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጎዴ፣ በሌሎችም የቆላ ከተሞቻችን ለግቢና ለደጅ የሚሆኑ ቁጥቋጦዎችንና አነስተኛ ዛፎችን እንዴት እንምረጥ? ወሬውን አሁን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ችግኝ ፍለጋ ይሯሯጣል፤ በሩጫ የተገዛ ችግኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ችግኝ ነው።

ችግኝ ጣቢያ ደጃፍ በየዓመቱ የምሰማው ጥያቄ «ቶሎ የሚያድገው የትኛው ነው?» የሚል ነው። በጠያቂው አልፈርድም። አዲስ ቤት ገብቶ፣ ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ሲጫወቱ እያየ፣ ለጥላ የማይቸኩል ወላጅ የለም። እኔም ቤት ሠርቼ በገባሁበት ዓመት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። የተሰጠኝም በከተማችን ስም የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ ነው፤ ያ አበባው እንደ እሳት የሚቀላው፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው። ትውልዱ ማዳጋስካር ቢሆንም እኛ የራሳችን አድርገነዋል። ከአጥሩ ሁለት ሜትር፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ደግሞ ሦስት ሜትር አርቄ ተከልኩት። እውነትም ቶሎ አደገ። በስድስተኛው ዓመት አጥሩ ከሥር ተሰነጠቀ። በስምንተኛው ዓመት የሐምሌ ነፋስ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ በማድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ጣለው። ስናስቆፍር፣ ሥሮቹ ከመሬቱ ወለል እምብዛም ሳይርቁ ተጋድመው፣ ወፍራሞቹ በሙሉ ወደ ማጠራቀሚያው አቅጣጫ ሄደዋል። ከሲሚንቶው ስንጥቅ የሚያዠውን ውኃ ነበር የሚጠጣው።

ዛፉን አልወቅሰውም። የድሬዳዋ ዛፍ በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በሰፊ ቦታ ተተክሎ አበባውን ሲያወጣ ከእሱ የሚያምር አላውቅም። እንጨቱ ተሰባሪ፣ ሥሩ ወለል ለወለል የሚሄድ መሆኑን ሳልጠይቅ ከግድግዳ ሥር ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ችግኝ ሳነሳ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ሆኗል። ይህ ተክል በጥርና በየካቲት፣ ደግሞም በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ሰማዩ ደርቆ እኔም ማጠጣቱን በተውኩበት ጊዜ፣ ውኃውን ከየት ያመጣል?

(አጭር ሙዚቃ)

ድሬዳዋ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሲሰሙት ጥቂት አይመስልም። ነገር ግን ከፊሉ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የሚበዛው ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም መባቻ ይወርድና የቀሩትን ወራት ሰማዩ ዝም ይላል። ከወረደውም ብዙው መሬት ሳይገባ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ በደቻቱ አሸዋ ላይ ያልፋል። ያ ጎርፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያየነው አንረሳውም። ወደ ሰመራና ወደ ጎዴ ሲወረድ ዝናቡ ከዚህም በእጅጉ ያንሳል። እንግዲህ ለቆላ የሚሆን ተክል ማለት በእነዚህ ጥቂት ቀናት ያገኘውን ይዞ ረጅሙን ደረቅ ወቅት የሚሻገር ማለት ነው። የሚሻገርበትን መንገድ ካወቅን የት እንደምናቆመውም እናውቃለን።

አንዳንዱ ተክል በጥልቀት ይቆፍራል። ቁርቁራ እንዲህ ነው፤ በሰሜን ገባ፣ በሶማሊኛ ጎብ የሚባለው። ቡቃያው ከላይ ስንዝር ሳይሞላ ከታች ሥሩ ከቁመቱ አልፎ ይወርዳል። የሚያሳዝነው ታዲያ በዚህ ጊዜ ነው ሰው የሚሰለቸው። «አንድ ዓመት ሞላው፣ አላደገም» ብሎ ይነቅለዋል። አድጓል እኮ! ያደገው ግን እኛ በማናይበት በኩል ነው። ሁለተኛውን ዓመት የታገሠው ሰው ከዚያ በኋላ ጥላም፣ ፍሬም፣ ለንብ የሚሆን አበባም ያገኛል። ቅጠሉ ተወቅጦ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ በምሥራቁ ክፍላችን እናቶች ፀጉር ይታጠቡበታል፣ በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ አስከሬንም ይታጠብበታል። እሾኽ ስላለው ልጆች ከሚሯሯጡበት በር ላይ ሳይሆን ወደ ግቢው ጓሮ ይሁን። በደኖም የዚሁ ወገን ነው፤ ሥሩ ጠላቂ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ ጎርፍም ድርቅም የሚችል፣ አስተዳደጉ ግን ዘገምተኛ። በደኖ ለሚተክል ሰው ልዩ አክብሮት አለኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ለልጆቹ ነውና።

ሌላው ተክል ያጠራቅማል። ሽፈራውን ተመልከቱ፤ ግንዱ እንደ እንስራ ሆዱ የሚነፋው ውኃ ስለሚይዝበት ነው። ኮንሶዎች በእርከን እርሻቸው መካከል፣ በየግቢያቸውም ሲያሳድጉት ኖረዋል፤ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል። ያ የእርከን መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ድንጋዩን ብቻ አይቶ ያለፈ ሰው ካለ፣ ሽፈራውንም መለስ ብሎ ይይልኝ። ለትንሽ ግቢ ከእሱ የተሻለ ዛፍ ለማግኘት እቸገራለሁ። በዘር ይበቅላል፤ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢተክሉትም ይይዛል። ቅርንጫፉን በቆረጥነው ቁጥር ለምግብ የሚሆን ለጋ ቅጠል ያወጣል። አንድ ነገር ግን አይወድም፤ ሥሩ ሥር ውኃ ሲተኛ ይበሰብሳል። ጥቁር ጭቃ ያለበት፣ የእቃ እጣቢ የሚደፋበት ጥግ የሽፈራው ቦታ አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ወጪውን ይቀንሳል። የግራር ቅጠል ለምን ደቃቅ ሆነ? ሰፊ ቅጠል በፀሐይ ፊት እንደ ተሰጣ ልብስ ነው፤ ውኃውን ያተናል። ደቃቁ ግን ነፋሱ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ክትክታ ቅጠሉን በሚያጣብቅ፣ በሚያብረቀርቅ ሽፋን ለብጦ ላቡን ይይዛል። ከርቤና ዘመዶቹ ደግሞ ጭራሹን ቅጠላቸውን አራግፈው ወራት ሙሉ እርቃናቸውን ይቆማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ነፍስ ያላቸው ዛፎች «ደርቋል» ተብለው ለማገዶ ሲቆረጡ አይቻለሁ። እባካችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ ተኝቷል እንጂ አልሞተም።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ። ጥያቄዬ ግማሽ ቀርቶታል። ውኃውን ከየት ያመጣል ካልን በኋላ፣ ከማን ወስዶ የሚለውን ካልጨመርን የከፋ ስህተት ላይ እንወድቃለን፤ እንደ ሀገርም ወድቀንበታል።

በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ አካባቢ ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ ተተከለ። ዓላማው መልካም ነበር፤ አፈር ይያዝ፣ ነፋስ ይከለል፣ ጥላ ይገኝ ተብሎ ነው። ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ነው። በድርቅ መቋቋም ከተመዘነ ማን ይደርስበታል? አሪዞና ውስጥ በአንድ የማዕድን ቁፋሮ ወቅት የፕሮሶፒስ ሥር 53 ሜትር ጥልቀት ላይ መገኘቱ ተመዝግቧል። ቶሎ ያድጋል፣ ሙቀት አይፈራም፣ ጨዋማ አፈር አይመልሰውም፣ ቢቆርጡት ከጉቶው አሥር ሆኖ ያቆጠቁጣል። በችግኝ ጣቢያ ደጃፍ የምንጠይቀውን ሁሉ አሟልቶ የያዘ ዛፍ ነው።

የማይጠየቀውን ግን ከብቶቹና ፍየሎቹ መለሱት። ቆባው ጣፋጭ ነው፤ እንስሳት ይበሉታል፤ ዘሩ ሆዳቸው ውስጥ ሳይጎዳ አልፎ ከፍግ ጋር በደረሱበት ሁሉ ይወድቃል። ጎርፍም ይዞት ይሄዳል። ዛሬ በአፋር የግጦሽ መሬት የነበረው ሰፊ ሜዳ በዚህ እሾኻም ጥቅጥቅ ተሸፍኗል፤ ሣሩ ጠፍቷል፤ ከብት ወደ አዋሽ የሚወርድበት መንገድ ተዘግቷል። አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ እንደማለት። አንድ ሕዝብ ግጦሹን የወሰደበትን ዛፍ በመንግሥት ስም ሲጠራው፣ ችግኝ የምናድል ሰዎች ጆሯችንን ሰጥተን መስማት ይኖርብናል።

ስለዚህ አጥር ይሆነኛል ብላችሁ ፕሮሶፒስን አትትከሉ። ግቢያችሁ ውስጥ በራሱ በቅሎ ካገኛችሁትም ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት። ያደገ ከሆነ ከመሬት በላይ መቁረጥ ማባዛት ነው፤ አፈሩን ቆፍራችሁ የሚያቆጠቁጥበትን አንገቱን ከመሬት በታች ቁረጡት። ቆባው ሳይረግፍ ይሁን።

አፋር ውስጥ የምታዳምጡን ወገኖቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጋርሳንም ታውቁታላችሁ፤ ሌላው ሁሉ ሲነጣ አረንጓዴ የሚቆመውን፣ በክፉ ቀን ፍሬው ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ ሰው ያተረፈውን ዛፍ። ጋርሳ በጣም ዘገምተኛ ነው፤ በችግኝ ማባዛቱም አስቸጋሪ ነው። አዲስ ቤት ስትሠሩ በቦታው ላይ ጋርሳ ካለ ቤቱን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት እንጂ ዛፉን አትንኩት። አንድ የቆመ ጋርሳ ከመቶ የሚታደል ችግኝ ይበልጥብኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከኒም ጀምሬ ወደ ግቢያችሁ ልግባ። የከዚራን ዓይነት የመንገድ ዳር ጥላ ለሚፈልግ ኒም ሁነኛ ዛፍ ነው። ትውልዱ ከህንድና ከበርማ ወገን ነው፤ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊጠጋ ሲልም ይችላል፤ ድርቁ እጅግ ካልበረታ ቅጠሉን አያራግፍም፤ ሥሩ ጥልቅም ሰፊም ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ ግን ይሞታል። ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ስለሚችል ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር፣ ከውኃ ማጠራቀሚያና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ አይሁን። ዘሩን ራሳችሁ ማፍላት ከፈለጋችሁ ፍሬው ቢጫ ሆኖ እንደ ረገፈ ልጣጩን አጥባችሁ ወዲያው ዝሩት። ሁለትና ሦስት ሳምንት ካሳደራችሁት አብዛኛው አይበቅልም። ለሚመጣው ዓመት ብለው የኒም ዘር በጠርሙስ የሚያስቀምጡ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምናገረው።

ለአጥር ሂናን እወዳለሁ። በድሬዳዋና በሐረር ሴቶች ለሠርግና ለበዓል እጃቸውን የሚያሳምሩበት ይህ ቁጥቋጦ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይተከላል፤ ከያዘ በኋላ ብዙ ውኃ አይጠይቅም። ቅጠሉን በለቀማችሁ ቁጥር ከረከማችሁት ማለት ነው፤ የተከረከመ አጥር ደግሞ የሚያልበው ያንሳል። ትንሽ ወደ ደጋው ጠጋ ላላችሁ ክትክታም ጥሩ አጥር ይሆናል። ቡገንቪላን የማያውቅ ቆለኛ የለም። አበባው የሚመስለን ያ ቀዩና ሐምራዊው ነገር ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ውኃ ባበዛችሁለት መጠን አረንጓዴው ይበዛና ቀለሙ ይጠፋል፤ ስትነፍጉት ያብባል።

ሦስት ተክሎችን ከልጆች አርቁልኝ። ቅንጭብና ጦቢያው ሲቆረጡ የሚወጣቸው ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ሮዝ አበባ ያለው፣ በየሆቴሉ በር የምታዩት ኦሊያንደር ደግሞ ቅጠሉም፣ እንጨቱም፣ አበባውም መርዝ ነው፤ ፍየል ቢበላው ይሞታል። ሦስቱም ድርቅ ይችላሉ። ድርቅ መቻላቸው ብቻ ግን ልጅ ባለበት ቤት ደጅ አያስገባቸውም።

ችግኝ ስትገዙ ረጅሙን አትምረጡ። በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ዓመት ተቀምጦ የረዘመ ችግኝ ሥሩ ታች ሲደርስ መውጫ አጥቶ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። እንዲህ ያለው ሥር መሬት ከገባም በኋላ መዞሩን አይተውም። ጥልቅ ሥር የሚሰደው ቁርቁራ እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ ድርቅን የመቻል ችሎታው እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ቀርቷል። ስንዝር ተኩል የሆነ፣ ግንዱ ጠንከር ያለ ለጋ ችግኝ ይበልጣል። ስትተክሉም ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡት። ይህን መናገር የማያስፈልግ ይመስላል፤ ግን ከነፕላስቲካቸው የተቀበሩ ስንት ችግኞች በእጄ ቆፍሬ አውጥቻለሁ!

ጉድጓዱን አሁን፣ በግንቦት ቆፍሩት። ከዚያ በውኃ ሙሉትና ተመልከቱ። ውኃው በማግሥቱም ካልሰረገ ያ ቦታ ለሽፈራውም ለኒምም አይሆንም፤ በደኖ ሞክሩበት። ከጉድጓዱ በታች በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነ የአፈር እርከን አድርጉ፤ ሆዱ ወደ ዳገቱ፣ ጀርባው ወደ ቁልቁለቱ። ይህ ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከችግኙ በላይ ያለው ዘጠኝ ካሬ ሜትር መሬት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 180 ሊትር ይሆናል። ግማሹ ብቻ እንኳ ወደ ግማሽ ጨረቃው ቢወርድ 90 ሊትር፣ ማለትም አራት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማንም ሳይሸከመው ከችግኙ ሥር ደረሰ። አርባ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት ከዚያው ዝናብ እስከ 800 ሊትር ያወርዳል። ያን ውኃ ወደ መንገድ አንልቀቀው።

ውኃ አጠጣጣችንን በተመለከተ ብዙዎቻችን በፍቅር እንሳሳታለን። በየማታው አንድ ጣሳ ማፍሰስ ሥሩን ወለሉ ላይ ያስቀረዋል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ነው ብሎ የለመደ ሥር ለምን ይወርዳል? በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጀሪካን ሙሉ፣ በቀስታ፣ አመሻሹ ላይ ስጡት። እናቴ ታደርገው የነበረ ብልሃትም አለ። አፉ የተሸረፈ፣ ላብ የሚያወጣ ያልታሸ ገንቦ ከችግኙ ጎን እስከ አንገቱ ትቀብርና ውኃ ሞልታ በድንጋይ ትከድነዋለች። ገንቦው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያልበዋል፤ ሥሩም ተከትሎ ይወርዳል። ጭስ የጠጣና የታሸ ዕቃ ግን አያልብምና ለዚህ አይሆንም።

ከዚያ ጡት ማስጣል ይመጣል። ያለ ማጋነን ቃሉ ይኸው ነው። በመጀመሪያው በጋ በየሳምንቱ፤ በሁለተኛው በጋ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቀጥሎም በየወሩ፤ በሦስተኛው ዓመት ቁርቁራው፣ ኒሙ፣ በደኖው በራሳቸው ይቁሙ። በድንገት ማቋረጥ ይገድላል፤ ጨርሶ አለማቋረጥ ደግሞ ጥገኛ ያደርጋል። የልብስ ማጠቢያ ውኃ መጠቀም ለምትፈልጉ፣ የመጀመሪያውን የዱቄት ሳሙና እጣቢ ተዉትና ማለቅለቂያውን ስጡት። የሳሙናው ጨው በአፈሩ ይጠራቀማል፤ የድሬ ውኃ በራሱ ምን ያህል ኖራ እንዳለው ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ብታዩ ይበቃል።

በሥሩ ዙሪያ ጠጠር አልብሱት። ገለባም ይሆናል፤ ምስጥ ባለበት ሰፈር ግን ጠጠሩ ይሻላል። በእሾኽ ቅርንጫፍ ከፍየል አጥሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት የቁርቁራና የሽፈራው ዘር አፈላልን እናሳያችኋለን፤ የቁርቁራው ፍሬ ድንጋይ ስለሆነ ለመሰንጠቂያ የሚሆን ትንሽ መዶሻና ለመዘፍዘፊያ አንድ ጣሳ አዘጋጅታችሁ ጠብቁን። እስከዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ዙሩ፤ የዝናቡ ውኃ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ምልክት አድርጉ። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)